ተከላካዩና የአባቱ ቃል

ወይዘሮ ዶብሪላ ሬልያን ያገኙት ሳያስቡት ነው። ከአውቶቡስ ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው ዳቦ ቤት ለቁርስ ገብተው ነበር፤ ጥጉ ላይ አንድ ረጅም ልጅ ከቡሬኩ ጋር ሲጣላ አዩ። ሌላ ቃል የለውም፣ ሲጣላ ነው። ሥጋ የተጠቀለለበትን ቂጣ በሹካ ይወጋል፣ ወደ አፉ ሳያደርስ መልሶ ያስቀምጣል፣ ደግሞ ይወጋል። እርጎው እንደተቀዳ ነው። እግሩ ሥር የተወጠረ የስፖርት ቦርሳ አለ፤ ከማንገቻው ላይ አንድ ጥንድ ታኬታ ተንጠልጥሏል።

"ያ ቡሬክ ምን በደለህ?" አሉት።

ልጁ ቀና አለና ደንግጦ ብድግ አለ። "አክስቴ ዶብሪላ። ይቅርታ፣ አላየሁዎትም።"

"እንዴት ታየኛለህ፣ ዓይንህ ደም ለብሶ። ተቀመጥ። እኔም ልቀመጥ።"

ወይዘሮ ዶብሪላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትንሿን ከተማ የብርዛክን ፋርማሲ የያዙ ሴት ናቸው። ሰው ለሳል ሽሮፕ ገብቶ ስለ ምራቱ አውርቶ ይወጣ ነበር፤ ሽሮፑን እዚያው ረስቶ የሚሄድም ነበር። ሬልያንም የሚያውቁት ከልጅነቱ ነው። ለቁርጭምጭሚቱ ፋሻ፣ ለጉልበቱ ቅባት፣ አንዴም ለተሰነጠቀ ቅንድቡ ፕላስተር የሰጡት እሳቸው ናቸው። አሁን ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ የብርዛክ ክለብ መሃል ተከላካይ። ነበር ማለት ይሻላል።

"ወዴት ነው?"

"ስሎቫኪያ። አንድ ክለብ ለሙከራ ጠርቶኛል።"

"ታዲያ ይህ የደስታ ፊት ነው?"

"አይደለም።"

"አባትህስ ለምን አልሸኘህም?"

ሹካውን አስቀመጠ። "አባቴን አያንሱብኝ፣ አክስቴ። ዛሬ አያንሱብኝ።"

እንዲህ ሲባል ሌላ ሰው ዝም ይል ይሆናል። ወይዘሮ ዶብሪላ ግን ዝም ማለትን መቼ ተማሩት። ሻይ አዘዙ፤ አውቶቡሱ መጥቶ እንደሆነ ሻጯን ጠየቁ፤ ተራራው ላይ መንገድ እየተጠገነ ስለሆነ ይዘገያል አለቻቸው። ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። "እንግዲህ ጊዜ አለን" አሉ። "ከመጀመሪያው አውራኝ።"

የሬልያ ነገር ከመጀመሪያው ሲወራ የሚጀምረው ከሌላ ሰው ነው። ሰውየው ቲሆሚር ይባላል። እሱና የሬልያ አባት ሚሎዬ ወታደር ቤት አብረው የተኙ፣ አንድ ሲጋራ ለሁለት ያጨሱ ጓደኞች ናቸው። ሚሎዬ ሲያገባ ቲሆሚር ሚዜ ሆኖ ከኋላው ቆመ። ልጅ ሲወለድ ክርስትና አነሳው፣ ስሙን አወጣለት፣ የመጀመሪያ ጸጉሩንም በመቀስ የቆረጠው እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ በስም ተጠራርተው አያውቁም፤ "አበልጅ" ነው፣ በቃ። እኛ ጋ ሰው ከወንድሙ ጋር በድንበር ይካሰሳል፣ ከአማቱ ጋር ዓመት ሙሉ ላይነጋገር ይችላል። አበልጁን ግን እምቢ አይልም። እምቢ እንዴት እንደሚባል የሚያውቅም የለም።

ቲሆሚር በኋላ የእንጆሪ ማቀዝቀዣ መጋዘን ከፈተ። በኛ ተራሮች ላይ ከእንጆሪ ሌላ የሚያኖር ነገር የለም፤ እንጆሪ ደግሞ ጠዋት ተለቅማ ማታ ካልቀዘቀዘች ጭማቂ ሆና ትፈሳለች። ስለዚህ መጋዘን ያለው ሰው መንገዱም የሱ ነው፣ ቀበሌውም የሱ ነው፣ ቄሱም ሲያገኙት ቀድመው ሰላም የሚሉት እሱን ነው። ቆየት ብሎ የእግር ኳስ ክለቡም የሱ ሆነ። ፕሬዚዳንት።

ሬልያ በአሥራ አንድ ዓመቱ ከመምህሩ ይረዝም ነበር። የመንደሩ አሰልጣኝ፣ በሥራ ቀን ደብዳቤ የሚያድል ሰውዬ፣ ከኋላ መስመር አቆመውና እንዲህ አለው፦ "ኳሷን አትይ፣ እግሩንም አትይ። ዳሌውን እይ። የት ሊሄድ እንደሆነ እዚያ ላይ ይታይሃል።" ልጁ ይህን እንደ ጸሎት ያዘው። በአሥራ አምስት ዓመቱ ቤልግሬድ አጠገብ ያለ አንድ የታዳጊዎች አካዳሚ ወሰደው። እናቱ ስታና በአውቶቡስ ሾፌር እጅ የምትልክለትን የተጠበሰ ቃሪያ ማባያ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር እየተካፈለ፣ ክረምት ከበጋ እየተጫወተ አደገ። ከዚያ የአንድ ትልቅ ሰው የወንድም ልጅ መጣ፤ እሱም መሃል ተከላካይ ነኝ አለ። ሬልያን በውሰት ሰደዱት። መጀመሪያ ወደ ሰሜኑ ሜዳማ አገር፣ ነፋሱ የማዕዘን ምት ወደሚመታበት፤ ቀጥሎ ወደ ደቡብ፣ ደጋፊው ጨዋታው ሳይጀመር ዳኛውን ሰድቦ ወደሚጨርስበት። በሃያ ዓመቱ ጉልበቱን በፋሻ አስሮ ወደ ቤቱ ተመለሰና በሦስተኛው ሊግ ለምትጫወተው ለብርዛክ ፈረመ።

"ያን ጊዜ ለፋሻ ስትመጣ አስታውሳለሁ" አሉ ወይዘሮ ዶብሪላ። "ፊትህ ዛሬ ካለው ይሻል ነበር።"

"ያን ጊዜ የተናደድኩት በማላውቃቸው ሰዎች ነበር" አለ ሬልያ።

ብርዛክ ላይ ግን ነገሩ ቀናው። ሰውነቱ ሞላ፣ ጉልበቱ ዳነ፣ በቴስታ የሚያልፈው አጥቂ ጠፋ። ሜዳው ዳር ፕሪም ዛፍ ሥር የሚቀመጡት ሽማግሌዎች፣ ሰውን አመስግነው የማያውቁት፣ "ይህ ልጅ መጥፎ አይደለም" ማለት ጀመሩ። በመኸር ለክለብ ተጫዋች የሚመለምል አንድ ሰውዬ ከስሎቬኒያ መጥቶ ጨዋታ አየ። ደግሞ መጣ። ሁለተኛ ጊዜ ሬልያን ቡና ቤት አስቀምጦ፣ "ጥር ላይ ና፤ ቦታው ያንተ ነው። የክለብህን ፈቃድ ብቻ ጨርስ" አለው። ሬልያ ያን ቀን ከቡና ቤቱ እስከ ቤቱ ሽቅብ ያለውን መንገድ ሮጦ ነው የወጣው። ፈቃድ የሚሰጠው ቲሆሚር ነው፤ ቲሆሚር ደግሞ ክርስትና አባቱ ነው። ምን የሚያስፈራ ነገር አለ?

"ፈቃዱን ጠየቅከው?"

"ጠየቅኩት። 'እናያለን' አለኝ።"

ወይዘሮ ዶብሪላ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኛ ጋ "እናያለን" ያለ ሰው ቀድሞ ያየው ነገር አለ።

የሚሎዬ ቤት የሚዘክረው ሚካኤልን ነው፣ ኅዳር ላይ። ለዝክር ማንም አይጠራም፤ የሚመጣው ራሱ ያውቃል። በሩ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው፣ ሻማው ይበራል፣ ባለቤቱ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ያስተናግዳል እንጂ አይቀመጥም፤ ልጁም ከጎኑ ይቆማል። ያን ቀን እንግዳን ማስከፋት ነውር ነው፤ መጋበዝ፣ መቅዳት፣ "ብሉልን" ማለት ብቻ ነው። ቲሆሚር ቄሱ ከሄዱ በኋላ ወይንና ከረሜላ ይዞ መጣ። የዝክሩን ዳቦ ከሚሎዬ ጋር ይዞ አዞረ፣ ቆረሰ፣ ተሳሳመ። በክብር ቦታው ተቀመጠ። የጎመን ጥቅሉን በላ፣ ደገመ፤ የአሳማ ጥብሱን አመሰገነ። ከዚያ አፉን ጠረገ።

"አበልጅ" አለ፣ "በዚህ ሻማ ፊት አንድ ነገር ልለምንህ።"

"በዚህ ቤት ያለ ሁሉ ያንተ ነው" አለ ሚሎዬ። እንዲህ የማይል የለም።

"እንግዲያው ልጁን።"

ሰው ሳቀ። ቲሆሚርም አብሮ ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ሳቁን ተወ። "ሬልያን እስከ በጋ፣ ውድድሩ እስኪያልቅ፣ ተውልኝ። ቡድኑ እሱ ከሌለ ይፈርሳል። ስሎቬኒያ አትሸሽ፣ እዚያው ናት። ቃልህን ስጠኝና ልሂድ።"

ሬልያ የአረቄ ብርጭቆዎች የሞላ ትሪ ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። አባቱ ዞር ብሎ አየው። ትንሽ ብቻ ነው ያየው፤ ሰው ሰዓት እንደሚያይ። ከዚያ ቀኝ እጁን ዘረጋ።

"ቃሌ ነው፣ አበልጅ።"

ተጨባበጡ። ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አንድ አጎት፣ "ልጁ ከደስታ የተነሳ ተንቀጠቀጠ" አለና ደግሞ ተሳቀ። ቲሆሚር እጁን ልኮ ከሬልያ ትሪ ላይ አንድ ብርጭቆ አነሳ። "እደግ፣ ልጄ።" ሬልያም፣ የባለቤት ልጅ ነውና፣ "ለጤናዎ" አለው።

"አልኩት እኮ" አለ ሬልያ አሁን፣ ዳቦ ቤቱ ውስጥ፣ ጣቱ ጠረጴዛውን እየደበደበ። "ለጤናዎ አልኩት። ሰውየው ሕይወቴን በልቶ አረቄ ሲያወራርድበት እኔ 'ለጤናዎ'። ወጥ ቤት ገብቼ በሩን በቡጢ መታሁት። እናቴ እጄን ይዛ፣ 'ዛሬ አይሆንም፣ ነገ ትናገራለህ' አለችኝ።"

"ነገሩን በነጋታው ተናገርክ?"

"ተናገርኩ። አባቴ ምን አለ መሰለዎት? 'ምን እንድለው ነው የፈለግከው? በሚካኤል ቀን፣ በአበልጄ ፊት፣ በቤቴ፣ አይሆንም ልበል?' አለኝ። አዎ አልኩት። 'እንዲህ ያለ ሰው አይተህ ታውቃለህ?' አለኝ። አላየሁም አልኩት። 'እኔም አላየሁም' አለ። ከዚያ ከብቶቹን ሊያጠጣ ሄደ።"

ጥር ላይ የስሎቬኒያው ክለብ ሌላ ተከላካይ ወሰደ፤ አንድ የሞንቴኔግሮ ልጅ። ሬልያ ዜናውን ያየው በስልኩ ነው፤ ልጁ አዲሱን ማሊያ ደረቱ ላይ ይዞ ፈገግ ብሏል። ሬልያ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ልምምድ ሄደ። ቃሉ የአባቱ ነበር፤ የሚሮጠው እግር ግን የሱ። ፀደዩን ሙሉ አንድ ጨዋታ አላመለጠውም። በብርድ ተጫወተ፣ በጭቃ ተጫወተ፣ የአፍንጫው አጥንት ተሰንጥቆም ተጫወተ። ከአባቱ ጋር ስለ እንጆሪው ተክል ያወራሉ፣ ስለ ትራክተሩ ያወራሉ፤ ስለ እግር ኳስ አይወራም። እስከ በጋ ነው ይል ነበር ለራሱ። በጋ መግባቱ አይቀርም።

የመጨረሻው ጨዋታ ከእንጨት ፋብሪካው ክለብ ጋር ነበር። ብርዛክ በሰንጠረዡ መሃል ናት፤ ብትሸነፍም ብታሸንፍም ለውጥ የለውም። ፋብሪካዎቹ ግን ካላሸነፉ ከሊጉ ይወርዳሉ። ተጫዋቾቹ ማሊያ እየለበሱ ሳለ ቲሆሚር በመልበሻ ክፍሉ በር ብቅ ብሎ ሬልያን በጣቱ ጠራው።

"የነዚያ ሰዎች ፕሬዚዳንት ማን እንደሆነ ታውቃለህ?" አለው ኮሪደሩ ላይ።

"የእርስዎ አበልጅ ነው።"

"አበልጄ ነው። ሴት ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ዘጠኝ ቁጥራቸው ሲመጣ ትንሽ ዘግየት በል። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ እንደልብህ።"

"ሌሎቹስ?"

"ሌሎቹ ያውቃሉ።"

"እኔ ለምን መጨረሻ ሰማሁ?"

"አንተ ቤተሰብ ነሃ። ቤተሰብን አልለምንም፣ እነግራለሁ።"

ሬልያ የታኬታውን ክር እያጠበቀ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ቀና አለ። "አባቴ ቃል የሰጠዎት እንድጫወት ነው። እንዳልጫወት አይደለም።"

ቲሆሚር ጉንጩን ቆነጠጠው፣ ሕፃን ሳለ ያደርግ እንደነበረው። "አባትህ የሰጠኝ አንተን ነው" አለውና ወደ ክብር መቀመጫው ሄደ።

እንግዲህ ይህን ሰምቶ ሜዳ የገባ ሰው ምን ይሆናል? ሬልያ እንደሚለው ጆሮው ምንም አይሰማም ነበር። የሚያየው ዳሌ ብቻ ነው። ፋብሪካዎቹ ያጠቃሉ፣ የብርዛክ ልጆች እንደ ላም መንጋ መንገድ ይለቃሉ፣ ሬልያ ይቀማል። ደግሞ ይመጣሉ፣ ደግሞ ይቀማል። ዘጠኝ ቁጥሩ፣ ራሰ በራ፣ ጡረታው የደረሰ ሰው፣ ግራ ገብቶት፣ "ወንድሜ፣ አልነገሩህም እንዴ?" አለው በጆሮው።

"ነግረውኛል።"

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ ሩጥ።"

ወደ መጨረሻው ላይ ኳሷ ከማዕዘን ተሻማች። የብርዛክ ግብ ጠባቂ ጎይኮ፣ ሬልያ አብሮት ትምህርት ቤት የዋለው ጎይኮ፣ ሊይዛት የሚችላትን ኳስ በእጆቹ መሃል አሳልፎ ወደቀ። ኳሷ ወደ ግብ ትንከባለላለች። ሬልያ ከቋሚው አጠገብ ተወርውሮ በመስመሩ ላይ በግንባሩ አወጣት። ዳኛው ቆየት ብሎ ነፋ። ዜሮ ለዜሮ። ፋብሪካዎቹ ወረዱ።

"ጎይኮ መሬት ላይ እንደተኛ ምን አለኝ መሰለዎት?" አለ ሬልያ። "'አብደሃል እንዴ፣ አንተ ከብት' አለኝ። የራሴ ግብ ጠባቂ። ግብ ስላዳንኩበት።"

ወይዘሮ ዶብሪላ ሊስቁ ነበር፤ ልጁን አይተው ሻይ ተጎነጩ። "ያ ቲሆሚር" አሉ ብርጭቆውን እያስቀመጡ። "የደም ግፊቱን መድኃኒት በእጄ ነበር የምሰጠው። በየወሩ። እንዲያውም ስኳር እንዳይበዛበት እመክረው ነበር። ሳስበው ይቆጨኛል።"

መልበሻ ክፍል ውስጥ ማንም አላናገረውም። ልብሱን የሰቀለበት ቦታ ባዶ ሆኖ አገኘው፤ ሱሪው ገላ መታጠቢያው ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ተኝቷል። እርጥብ ሱሪውን ለብሶ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። አባቱ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። "ምን አደረግክ?" አለው። "ተከላከልኩ" አለ ሬልያ።

ሁለት ሳምንት ምንም አልሆነም። ከዚያ እንጆሪው ደረሰ።

ስታናና የሚሎዬ እህቶች ጎንበስ ብለው፣ ተንበርክከው ሲለቅሙ ዋሉ። ሚሎዬ ሣጥኖቹን በትራክተሩ ጭኖ ከሰዓት በኋላ ወደ መጋዘኑ ወረደ። የሚዛኑ ሰውዬ፣ "ዛሬ ቦታ ሞልቷል፣ ጠብቅ" አለው። ጠበቀ። ከኋላው የመጣው ጎረቤት ገባ። ከሱ በኋላ የመጣውም ገባ። ሲያልፉ ሁሉም ወደ ሌላ በኩል ነው የሚያዩት፤ አንዱ መሪውን ትቶ ጫማውን ይመለከት ነበር። እኛ ጋ የሰኔ ፀሐይ ያቃጥላል። ሬልያ አባቱ እንደዘገየ አይቶ ሲወርድ፣ ከትራክተሩ ተጎታች ሥር ቀይ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ንቦች እየዞሩበት አገኘው። ሚሎዬ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ፀሐይ ላይ ቆሟል።

ቲሆሚር ወጣ። በሸሚዝ፣ በነጠላ ጫማ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ።

"አበልጅ፣ ካንተ ጋር ምንም ነገር የለኝም" አለ ለሚሎዬ። ሬልያን አላየውም። "ልጁ ይምጣና ይቅርታ ይበለኝ። በፋብሪካው አበልጄ ፊት እንዳፈርኩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ልጁም ሰው ባለበት ይበለኝ። ከዚያ በሩ ይከፈታል።"

ሚሎዬ ወደ ልጁ ዞረ። በሚካኤል ቀን፣ ሬልያ ትሪ ይዞ በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ያየው ዓይነት አስተያየት አልነበረም፤ አሁን ረጅም ነበር፣ የሚለምን ነበር። "ልጄ" አለ ብቻ።

ሬልያ ተጎታቹ ላይ ወጣ። የመጀመሪያውን ሣጥን አነሳና በመጋዘኑ በር ላይ ገለበጠው። ሁለተኛውን ገለበጠ። ማንም አልያዘውም፤ የሚዛኑ ሰውዬ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሦስተኛው የቲሆሚርን እግር በጭማቂ አለበሰው። "ይውሰዱት" አለ ሬልያ። "ሌላውን ሁሉ በልተውታል፣ ይህንም ይብሉት።" የመጨረሻው ሣጥን እስኪያልቅ ገለበጠ፤ በሩ ፊት ቀይ ጭቃ ሆነ፤ ለመግባት ተሰልፈው የነበሩት ትራክተሮች ሞተራቸውን አጠፉ።

"ደስ አለህ?" አሉ ወይዘሮ ዶብሪላ።

"ትራክተሩ ላይ ሳለሁ ደስ አለኝ። ከዚያ አባቴን አየሁት።" ሬልያ እርጎውን አንስቶ ሳይጠጣ መልሶ አኖረው። "አልጮኸም። 'እናትህ በጉልበቷ ነው የለቀመችው' አለኝ። ይህን ብቻ። እውነቱን ነው። እኔም አውቃለሁ። ማታ ጉልበቷን በሙቅ ጨርቅ የማስርላት እኔ ነኝ።"

"እና?"

"እናማ በነጋታው፣ 'ሂድና የአበልጄን እጅ ሳም፤ ካልሄድክ ለሚካኤል እዚህ ቤት እንዳላይህ' አለኝ። ለሚካኤል። እኛ ቤት ያን ቀን መንገደኛ እንኳ አይባረርም፣ ጠላት እንኳ ገብቶ ይበላል። እኔን። ቲሆሚር ያን ቀን በክብር ቦታው ይቀመጣል፣ እኔ አልገባም።" ድምፁ ከፍ አለ፤ ሻጯ ዞር ብላ አየች። "አባቴ ለሱ ቃሉን ጠበቀ። ለኔ ማን ቃል ሰጠኝ? ስሜን እንኳ የሰጠኝ እሱ ነው፣ ያ ሌባ። ከስሜም ልጣላ?"

ወይዘሮ ዶብሪላ በሥራቸው ዘመን ሰው ሲቆጣ ለማስታገሻ የሚሰጡት ክኒን ነበር፤ ለዚህ ልጅ ቢኖራቸውም አይሰጡትም ነበር። እሳቸውም ተናደው ነበር፤ በቲሆሚር፣ በጎይኮ፣ መሪ ይዘው ጫማቸውን በሚያዩት ሰዎች፣ እምቢ ማለትን ባልተማረው ሚሎዬም ጭምር።

"አባትህ ክፉ ሰው አይደለም" አሉት።

"ክፉ ቢሆንማ ይቀለኝ ነበር።"

"እጁን ሳመው ብልህስ? የቲሆሚርን። አንድ ደቂቃ ነው፣ አፍህን ትታጠባለህ። ለእናትህ ስትል።"

"እርስዎ ይስሙት ነበር?"

ወይዘሮ ዶብሪላ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። "እኔ ብሆን እነክሰው ነበር" አሉ።

ሬልያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ አጭር፣ ደረቅ ሳቅ ነበር። የስሎቫኪያው ሙከራ እንዴት እንደመጣ ነገራቸው፤ ያ የስሎቬኒያ ሰውዬ የመጨረሻውን ጨዋታ ወሬ ሰምቶ፣ "ግብ ያዳነ ተከላካይ በራሱ ቡድን ተሰደበ" ሲባል ስቆ፣ የልጁን ስም ስሎቫኪያ ላለ አንድ ጓደኛው አቀበለ። ውሉ በሰኔ አልቋል፣ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። ሁለት ሳምንት ያዩታል። ደመወዙ ትንሽ፣ ከተማው ትንሽ፣ ሊጉ ሁለተኛ። ሬልያ ግን ስለነዚህ ሲያወራ ጣቱ ጠረጴዛውን አልደበደበም።

"እናትህ ታውቃለች?"

"ቦርሳውን ያሰናዳችው እሷ ናት። አባቴ ከብቶቹ ጋር ነበር። ስወጣ ሰማኝ። በሩ ሲዘጋ ሰማ፣ እኔም የባልዲው ድምፅ ሲቆም ሰማሁ። አልወጣም።"

ውጭ አውቶቡሱ ጭሱን እየለቀቀ ገባ። ሬልያ ተነሳ፣ ቦርሳውን አነገተ። ወይዘሮ ዶብሪላ የተወጋጋውን ቡሬክ በወረቀት ጠቅልለው፣ "መንገድ ላይ ትበላዋለህ" ብለው በግድ ኪሱ ውስጥ ከተቱለት፤ ወረቀቱ ወዲያው ዘይት ጠጣ። አብረውት እስከ አውቶቡሱ በር ሄዱ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ሦስቴ ሳማቸው፤ ጉንጩ ትኩሳት እንዳለበት ሰው ይፋጃል።

"አባትህ ይመጣል" አሉት። "ዛሬ ባይሆን ነገ። እኔ ጋ መጥቶ ስለ ጉልበት ቅባት ይጠይቀኛል፣ ከዚያ ስላንተ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው?"

ሬልያ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን እያስጮኸ ነበር።

"ተናዶ ሄደ ይበሉት" አለ። "አዝኖ ሄደ እንዳይሉት።"